ያዘመመ ሞተር

ልጄ እዮብ፣ ኪዳነ ምሕረት ከመንገድህ አትለይ፤ ሰውም አታሳጣህ።

ነገሬ የተበላሸው የእንስሳት ክሊኒካችን ኃላፊ አቶ የኔሰው ሞተሬን በጎን መቆሚያ እግሩ እንዳዘመመ ዘይቱን ሲለካ ነው። «ደርቋል!» አለ። «ቀጥ ያድርጉት ጋሼ፤ ሲያዘም ልኬቱ ያሳስታል» ስለው፣ «አንቺ በጎችሽን ክተቢ!» ብሎ ሰው አሳቀብኝና ሙሉ ጠርሙስ ዘይት ጨመረበት። ከቢቸና ወጥቼ ሞጣ ሳልደርስ ሞተሩ እየጨሰ፣ በየመገጣጠሚያው ዘይት እየተፋ ቆመ። የያዝኩት የከብት ክትባት በረዶው ቀልጦ ተበላሸ። በማግስቱ «ሞተሩ የተበላሸው በእኔ ቸልተኝነት ነው» የሚል ወረቀት አምጥቶ «ፈርሚ፤ አለዚያ ከሥራ ትወጫለሽ» አለኝ።

አያትህ ደህና ናቸው። ጌሾው አምሯል። እሳቸውም «ፈርመሽ ኑሮሽን ኑሪ» ይሉኛል።

አንተም ዱባይ በሞተር ምግብ ታደርሳለህና አደራ፤ ሜዳ ላይ ቀጥ አድርገህ አቁመው፤ ዘይቱ እስኪሰክን ጠብቅ፤ መለኪያውን ጠርገህ ለካ፤ ከላይኛው ምልክት አታሳልፍ።

አንድ ነገር ልለምንህ፤ ስትደውል «ተይው» አትበለኝ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ወልጄህ፣ አንተን አዝዬ የእንስሳት ሕክምና የተማርኩት አንገቴን ለመድፋት አይደለም። እግዚአብሔር ያሳድግህ። እኔ ግን የኔሰው ባበዛው ዘይት አልፈርምም፤ ወንድ የለካው ሁሉ ልክ ነው መባሉንም ከእንግዲህ አልቀበልም።

እናትህ ውበቴ