ሮዝ የሚሉት ውሃ

ሐሙስ፣ ነሐሴ 2፣ ከቀኑ 10፡00

መሣሪያው መጣ። ሦስት ፍሬ፣ በአንድ ካርቶን። ጥቁር፣ ከእጅ ሬዲዮ ያነሰ፣ አናቱ ላይ ብልቃጥ የሚገባበት ቀዳዳ አለው። አለቃችን ወ/ሮ አስካል ጠረጴዛ ላይ ደርድረው አሳዩን። ጌታቸው እንደ አዲስ ስልክ አገላበጠው። እኔ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ደብተሬ፣ ከባለቤቴ ከሙሉ ሌላ ገመናዬን የምታውቂ አንቺ ብቻ ነሽ። ቀይና አረንጓዴ አልለይም። ሥራዬ ደግሞ ቀለም ማየት! በየገጠሩ ቦኖ እዞራለሁ፣ ውሃው ክሎሪን እንዳለው አረጋግጣለሁ። ብልቃጥ ሙሉ ውሃ፣ አንዲት ትንሽ ክኒን፤ ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል። ሮዙን ከካርድ ጋር አስተያይቶ ቁጥር መጻፍ ነው። ሌላው ሰው ሮዝ የሚለው ለእኔ አመድ የነካው ውሃ ነው። ሲጠቁር ብዙ፣ ሲሳሳ ትንሽ እላለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ እንጀራ በላሁ።

ይኼኛው መሣሪያ በብልቃጡ ውስጥ ብርሃን አሳልፎ ቀለሙን ራሱ ይለካል። ቁጥሩን ራሱ ይጽፋል። እልል ማለት ነበረብኝ። ግን ነገ ሁላችንም በዓይንም በመሣሪያም እንለካለን፣ የእያንዳንዳችን ልዩነት ይመዘገባል ተባለ። ፈራሁ። የጾም ወጡ አልወርድ አለኝ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 3፣ ማታ 1፡00

ተረፍኩ። እንዴት እንደተረፍኩ ልንገርሽ፣ አታሳፍሪኝ እንጂ። ጌታቸው አፉ አያርፍም፤ ብልቃጡን ሳያስቀምጥ ቁጥሩን ይለፈልፋል። እኔ ቅጽ የማሰምር መስዬ መጨረሻ ቀረሁ። እሱ ያለውን ትንሽ ዝቅ፣ ትንሽ ከፍ እያደረግሁ ጻፍኩ። የመሣሪያው ቁጥር ሲታይ ከሁሉም የቀረብኩት እኔ ሆንኩ። ወ/ሮ አስካል ያንተስ ዓይን ራሱ መሣሪያ ነው አሉኝ። ሳቅኩ። ላብ በጀርባዬ ወረደ።

ገጠር ስወጣም ዘዴ አለኝ። የቦኖ ጠባቂዎቹን ካርዱን አስተምሬያቸዋለሁ። ብልቃጡን እሰጥና እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፣ ልፈትንዎ እላለሁ። እነሱ በደስታ ያነባሉ። እኔ እንደ አስተማሪ ራሴን ነቅንቄ እጽፋለሁ። የሾላ ምንጩ ጠባቂ አያ ደሳለማ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። ስፈተን ልጅ የሆንኩ ይመስለኛል ይሉኛል ሽማግሌው።

ከእንግዲህ ይኼ ሁሉ ቀረ። ቁጥሩ ይበራል፣ እጽፋለሁ። ዛሬ እተኛለሁ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 6፣ ከቀኑ 9፡30

ምነው እጄን በቆረጠው።

ጠዋት ዝናብ። ቢሮ ብቻዬን ነበርኩ። መሣሪያውን ልለማመድ ብዬ ከጓሮ ጎርፍ ቀዳሁ። ምንም ክሎሪን የሌለው ድፍርስ ውሃ። ክኒኗን ጨመርኩ፣ ፈጨሁ፣ ነቀነቅኩ። መጀመሪያ እንደ ድሮዬ በዓይኔ አየሁት። ጠቆር ያለ። 0.5 አልኩ በልቤ፤ በቂ ነው።

መሣሪያው 0.02 አለ።

ደገምኩት። 0.02። መሣሪያው አስቀድሞ ክኒን ያልገባበትን ያንኑ ውሃ ያያል፣ ጭቃውን እንደ ጭቃ ይተወዋል፣ የሚለካው ሮዙን ብቻ ነው። እኔ የምለካው ለካ ጭቃውን ነው። በጋ ላይ ውሃው የጠራ ስለሚሆን አያሳስተኝም። ክረምት ሲገባ ግን ውሃው በደፈረሰ ቁጥር ብዙ ክሎሪን አለው እላለሁ። በደፈረሰ ቁጥር! ክሎሪን አጥብቆ በሚያስፈልገው ሰዓት በቃ እላለሁ።

ክረምት ላይ ጠባቂዎቹ የት ናቸው? እርሻ ላይ። ክረምት ላይ የሚያነበው ማን ነው? እኔ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 7

መዝገቡን አወጣሁ። ሾላ ምንጭ፣ ሐምሌ 12፦ 0.5፣ በቂ፣ መጨመር አያስፈልግም። ሐምሌ 26፦ 0.6፣ በቂ። ፊርማዬ አምሮበታል።

ሁለቱንም ቀን አስታውሳለሁ። አያ ደሳለ ጤፍ ሊዘሩ ወርደው ነበር። የታንከሩን ቁልፍ ከድንጋይ ሥር ትተውልኝ ነበር። ውሃው ሻይ መስሎ ነበር። ብቻዬን አነበብኩ። መልእክት ትቼላቸው ሄድኩ፤ ክሎሪን እንዳይጨምሩ፣ እንዳይበዛ።

ጌታቸው ዝቋላ ወረዳ በኩል ተቅማጥ ገባ ይላሉ ሲል ሰማሁት። ዝቋላ ሰፊ ነው አልኩ ለራሴ። ሾላ ምንጭ ዝቋላ ነው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 9፣ ከቀኑ 8፡00

ሁለት ቀን ስደውል ኔትወርክ የለም። ዛሬ ገባ። አያ ደሳለ ድምፄን ሲሰሙ ደስ አላቸው። የዝናቡን ነገር፣ የጤፉን ነገር ነገሩኝ። ከዚያ ትርንጎ ታመመችብኝ አሉ። የልጅ ልጃቸው ናት፣ አምስት ዓመቷ። እናቷ አረብ አገር ናት፣ ልጅቷን የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው። ሦስት ቀን ሆናት፤ ያስቀምጣታል፣ ያስመልሳታል። የጎረቤት ልጆችም አሉ።

ውሃውን አፍልተው ይስጧት አልኩ።

«ኧረ ውሃውስ ደህና ነው፤ አንተ አይተኸው የለ? አንተ ያየኸውን እኔ ምን ብዬ እፈራዋለሁ» አሉ።

መልስ ሳልሰጥ ተቋረጠ። ስምንት ጊዜ ደወልኩ። የለም።

ሻደይ ሳምንት ነው የቀረው። የዙሪያው ልጃገረድ ሁሉ ሾላ ምንጭ ሜዳ ላይ ሊጨፍር ይወጣል። ሲጨፍር ውሎ ከዚያች ቦኖ ይጠጣል።

ዓርብ፣ ነሐሴ 10

ወ/ሮ አስካልን መኪና ለመንኩ። መኪናው ሰሃላ ወረዳ ሄዷል፤ ለሾላ ምንጭ የተያዘው ቀን ነሐሴ 20 ነው። ለምን ቸኮልክ አሉኝ። ይኼኔ ነበር መናገር። አፌን ከፈትኩ። መሣሪያውን መስክ ላይ ልሞክረው ብዬ ነው አልኩ። ትጋቴን አመስግነው በራስህ ትራንስፖርት ከሆነ ውሰደው አሉ። አንድ ባልዲ ክሎሪን ዱቄትም ፈርሜ ወሰድኩ።

ሙሉ ሁሉንም ሰማችኝ። አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ቆረጠች፤ ሂድ፣ ክሎሪኑን ጨምር፣ ለክተህ አስተካክልና ተመለስ። ማን ያውቃል? ቤት አለን፣ ልጆች አሉን፣ ዓይኑ የማያይ የውሃ ተቆጣጣሪ ብለው ቢያባርሩህ ማን ይቀጥርሃል? እውነቷን ነው። ምክሯን ወደድኩት። መውደዴ ያሳፍረኛል፣ ግን ወደድኩት።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 11፣ ሾላ ምንጭ፣ ከቀኑ 11፡00

እስከ መገንጠያው በአይሱዙ፣ ከዚያ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ። ባልዲው ትከሻዬን ልጦታል። መሣሪያውን በጋቢ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን ታቅፌ ወረድኩ። መንገድ ላይ አንድ ሰው ፈጣሪ ይማርልህ አለኝ።

ቦኖው ላይ ለካሁ። 0.03። ታንከሩን። 0.01። ብልቃጡን በጋቢዬ ጫፍ ወልውዬ ደገምኩ። ያው ነው፤ መሣሪያን አይለማመጡትም።

አያ ደሳለ መጡ። አብረን ዱቄቱን በጥብጠን ታንከሩ ውስጥ ጨመርን። ምነው፣ በቂ ነው ብለኸኝ አልነበር? አሉ። ዝናቡ አጥቦት ነው አልኩ። አመኑኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ለካሁ፤ 0.6። አለቀ። ተስተካከለ። ማንም አላወቀ። መሄድ እችል ነበር።

ትርንጎን ሳላይ መሄድ ግን አልሆነልኝም። ቤት ገባሁ። መደብ ላይ ተኝታለች። ዓይኖቿ ጎድጉደዋል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ስሟን ስጠራት ዞር አለች፣ ግን የምታየኝ አልመሰለኝም። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ኦ አር ኤስ የሚባለውን የተቅማጥ ዱቄት ሰጥታቸዋለች። አያ ደሳለ አጠገቧ ቁጭ ብለው በስኒ ያጠጧታል፣ በትዕግሥት፣ ጠብታ ሳያባክኑ። ስኒው ሲያልቅ እዚያው ራስጌዋ ካለው ጀሪካን ቀድተው ሌላ በጠበጡ።

ጀሪካኑ መቼ ነው የተቀዳው አልኩ። ትናንት ከቦኖው አሉ።

መድኃኒቷን በምን እየበጠበጡ እንደሚሰጧት አየሁ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«አያ ደሳለ፣ ይቆዩ፣ አያጠጧት። እኔ ያንን የካርዱን ቀለም አላየውም። ከተፈጠርኩ አላየሁትም። ሐምሌ ላይ የጻፍኩልዎት በግምት ነው።»

ይመቱኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ስኒውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ጀሪካኑን አንስተው ወደ ደጅ ወጡ። ዘቀዘቁት። የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ ደፍተው ያዙት። ከዚያ ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙ።

«ሌላስ የት የት ጻፍክ?» አሉኝ።



እሑድ፣ ነሐሴ 12፣ ሰቆጣ

ትናንት ከአዲሱ ውሃ አፍልተን፣ አቀዝቅዘን ስንሰጣት አመሸን። ጠዋት ግን ባሰባት። አራት ጎረምሶች በቃሬዛ ወደ ጤ/ጣቢያ ይዘዋት ወጡ። እኔም እስከ መገንጠያው በተራ አንዱን ጫፍ ተሸከምኩ። ቀላል ናት። ባልዲው ይከብድ ነበር።

ቤት እንደገባሁ መዝገቡን ዘረጋሁ። ስድስት ክረምት። የጠባቂዎቹን ንባብ ከእኔ ንባብ ልለይ ሞከርኩ። መዝገቡ ቀን ይላል፣ ቦታ ይላል፣ ቁጥር ይላል። በማን ዓይን እንደተነበበ አይልም። ሁሉም ሥር የእኔ ፊርማ ነው። ጋዝጊብላ ወረዳ ላይ አምና የነበረው ጠባቂ ዘንድሮ ከተማ ገብቷል። ያቺ የገደል ሥሯ ቦኖ፣ ውሃው ደፍርሶ ነበር? ሰው ነበረ? አላስታውስም። እዚህ ገጽ ላይ ሰው ይሁን ጭቃ ያነበበው አላውቅም።

ሙሉ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ሾላ ምንጭ ተስተካክሏል አይደል አለች። ሌሎቹ አልኳት። ሌሎቹንም ቀስ እያልክ ብቻህን ዙር አለች። ቆጠርኩት፤ ብቻዬን በእግር ብዞር ጥቅምት ይገባል። ጥቅምት ድረስ ማን ምን ይጠጣል?

ፍርሃቴ ቦታውን ለወጠ። ድሮ እንዳይታወቅብኝ ነበር የምፈራው። አሁን መዝገቡን ሳየው በየመስመሩ የተኛ ልጅ አለ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 13፣ ከጠዋቱ 2፡20፣ ቢሮ ደጃፍ

ወ/ሮ አስካል አልገቡም። በረንዳው ላይ ቁጭ ብያለሁ። መዝገቡ ጭኔ ላይ፣ አንቺ መዝገቡ ላይ።

አሁን አያ ደሳለ ደወሉ። ከጤ/ጣቢያ ናቸው። ትርንጎ ጉሉኮስ ተሰክቶላታል፤ ሐኪሙ እስከ ማታ እንይ ብሏል። ሌላ አላሉኝም። እንዳይዘጉብኝ ፈርቼ ይቅርታ ለማለት ስቸኩል አቋረጡኝና ለአለቃህ ነገርክ ወይ አሉ። ገና ነኝ አልኩ። ዘጉት።

አለቃዬ መጡ። ቁልፍ እያወጡ ነው። ሰላም ብለውኛል፣ ዓይኑ መሣሪያ የሆነው ሰውዬ ብለው ቀልደውብኛል። አፌ እንዳይከዳኝ የምለውን እዚህ ልጻፈው። ካልተናገርኩ ደብተሩን እሰጣቸዋለሁ፣ እፍረቴን እንዳለ ያንብቡት።

ወ/ሮ አስካል፣ እኔ ቀይና አረንጓዴ አልለይም። መሣሪያውን ስናስተያይ የጻፍኩት ከጌታቸው የሰማሁትን ነው። በስድስት ክረምት የፈረምኩበትን ውሃ ሁሉ እንዳልተለካ ይቁጠሩት። እኔን ለነገ ያቆዩኝ። ሦስቱም መሣሪያዎች ዛሬውኑ ይውጡ፤ አንዱ ወደ ጋዝጊብላ፣ አንዱ ወደ ዝቋላ ቆላ፣ በመጀመሪያ ልጆች የታመሙበት፣ ከዚያ… በሩ ተከፈተ፤ ጠሩኝ።