ከሁለት ብልቃጥ የተካፈልነው ኪኒን

ይድረስ ለእታለሜ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንደምን ነው፣ ደረጃ ላይ ሲያስነክስሽ የነበረው ተሻለው? ባለቤትሽን ሳሉ ለቀቀው? ልጅሽስ ከሥራ ስትመለስ እግሯን ዘርግታ የምታርፍበት ጊዜ አገኘች? እኔ ለክፉ አልሰጥም። እግሬ ማታ ማታ ያብጣል፣ ደረጃ ስወጣም መሃል ላይ ቆሜ ትንፋሼን እጠብቃለሁ፤ የቀረው ናፍቆትሽ ነው። ድክም ብሎኛልና ጽሕፈቴ ቢወላገድ አትፍረጂብኝ።

በስልክ "አዲሱን መድኃኒት ካልሰጣችሁኝ ብለሽ ድርቅ በይ" ብለሽኝ ነበር። እታለሜ፣ ነገሩ በድርቅና የሚሆን አልነበረም። ሆስፒታሉ ለልብ ድካም ሲሰጥ የኖረውን ኪኒን ከአዲሱ ጋር ሊያወዳድር ፈልጎ፣ እኛን ሕመምተኞቹን በዕጣ ለሁለት ከፈለን። የኪኒኑ መልክ አንድ ነው፤ ብልቃጡ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። የቱ እንደደረሰኝ እኔም አላውቅ፣ ሐኪሟም አታውቅ። "ካወቅሁ ዓይኔ ያዳላል እማማ" አለችኝ። ገና ልጅ እግር ናት።

ተራ በምንጠብቅበት አግዳሚ ላይ ከአንዲት ልብስ ሰፊ ጋር ተዋወቅሁ። እንደኔው ባሏ የሞተባት፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። አጠገቧ ስቀመጥ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ስጫወት የዋልኩ ያህል ልቤ ቀለል ይለው ነበር። ማንበብ አትችልም። በሽንኩርት መጠቅለያ ጋዜጣ ፊደል የለየሁት እኔ የጥናቱን ወረቀት አነበብኩላት። "መድኃኒታችሁን ለሌላ ሰው አትስጡ" ይላል። "ሌላ ሰው ማለት ደጅ ያለው ነው" አለች፤ "እኛማ የዚሁ ቤት ሰዎች ነን።" ለኔም እንደዚያው መሰለኝ። በቀን ሁለቴ ነው የምንውጠው። አንዷ ጥሩው ደርሷት ሌላዋ ቁጭ ብላ ከምታያት ብለን ተካፈልን፤ ጠዋት ከኔ ብልቃጥ፣ ማታ ከሷ። ደግ የሠራን መስሎን ደስ ብሎን ከረምን።

ባለፈው ቀጠሮ ከንፈሯ አብጦ መጣች። "ንብ ስማኝ ነው፤ ሌላማ ማን ይስመኛል" ብላ አግዳሚውን ሁሉ አሳቀችው። እኔ ግን ምራቋን ለመዋጥ ስትታገል አይቼ አልሳቅሁም። ተራዋ ሲደርስ ደግፊኝ ብላ ይዛኝ ገባች። ሐኪሟ ምላሷን አየችና ሌላ መድኃኒት ወስዳ እንደሆነ ጠየቀቻት። "እናንተ ከሰጣችሁኝ በቀር ምንም" አለችና ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ለምን እንደረገጠችኝ ገብቶኛል። ከጥናቱ ከወጣን ሐኪም ለማየት እንደማንኛውም ሰው ከካርድ ክፍሉ ሰልፍ ልንጀምር ነው፤ እሷ ደግሞ ቆማ መዋል አትችልም።

እታለሜ፣ የልጆቼ አባት እንዲህ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጦ "ምንም አይለኝም" ሲል፣ ደም መትፋቱን እያወቅሁ ከጎኑ ዝም ብዬ መቆሜን አንቺ ታውቂያለሽ። ፊቱ እንዳይጠቁርብኝ ብዬ ነበር። ያ ነገር ዛሬም ከአንጀቴ አልወጣ። እግሬን ሳብ አደረግሁና፣ "ተካፍለን ነው የምንውጠው፤ ከሁለታችንም ብልቃጥ" አልኩ።

ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ለቁጣ የሚሆን ጊዜም አልነበራት። ልብስ ሰፊዋን አልጋ ላይ አስተኙ፣ መርፌ ወጓት፣ ኦክስጅን አደረጉላት። የዕጣው ምስጢር ወደሚጠበቅበት ቢሮ ተደወለ። አዲሱ የደረሰው ለሷ ነበር፤ ለኔ የቆየው። ሁለቱ መድኃኒቶች አንድ ሰው ውስጥ ከተገናኙ ጉሮሮ አሳብጠው ትንፋሽ ሊዘጉ ይችላሉ። "የማታውን ውጣ ተኝታ ቢሆን ኖሮ..." ብላ ሐኪሟ ጀመረችና ሳትጨርሰው ተወችው። እኔስ ለምን አላበጥኩም ብላት፣ ዕድል ነው አለችኝ። ከዚያ ወንበሯ ላይ ዘፍ ስትል ድካሟን አየሁት፤ ለካ ከኔ ባልተናነሰ ደክሟት ኖሯል። አዲሱ ይሻል እንደሆነ ጠየቅኋት። "ብናውቅማ ምን አለፋን እማማ?" አለች። ለአንቺም ያለኝ መልስ ይኸው ነው።

የጥናቱን ኪኒን ከሁለታችንም ወሰዱ፤ ከጥናቱም ወጥተን እንደፈራነው ወደ ካርድ ክፍሉ ሰልፍ ወረድን። ልብስ ሰፊዋ እብጠቷ ጎደለ፣ ሌላ መድኃኒትም ጀመረች፤ አዲሱን ግን ዳግመኛ አትቀምሰውም አሏት። "አዲሱ የኔ ዕጣ ነበር፤ አፍሽን ብትይዢ ምን ነበረበት?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። ሰልፉ ላይ ካየችኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፤ ባዶ ቦታ ብይዝላት እንኳ አልፋው ትሄዳለች። እኔም ምን ብዬ እንደማባብላት አላውቅበትም፤ ጨዋታው ሁሉ የሷ ነበርና።

ትናንት ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ዘበኛው ወደ መስመሩ ተመለሺ ቢላት፣ "ሱሪህን ያሳጠርኩልህ እኔ፣ ዛሬ እኔን ታሰልፋለህ?" ብላ ስትሞልጨው ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እኔንም ሳቅ አፈነኝ፣ እሷ ግን ዞራ አላየችኝም። እታለሜ፣ ዕድሜዋን ሁሉ ታኩርፈኝ፤ ብቻ ትኑርልኝ።

ባለቤትሽን በአክብሮት ሰላም በይልኝ፣ ደረቱን ከብርድ ይጠብቅ። ልጅሽን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። አማትሽን እጅ ነሥቻለሁ በያቸው፤ ጸሎታቸው አይለየኝ። ትንሹን ልጅሽን ደግሞ አክስትህ ድምፅህን መስማት አማራት በይው።

እህትሽ

ከሆስፒታሉ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የካቲት 6 ቀን