ወደ ላይ ማየት የተማሩት ጋሽ መሸሻ

አቶ መሸሻ ወልደ አማኑኤል ከአባታቸው ከአቶ ወልደ አማኑኤል ደስታ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሌሊሴ ሮቤራ በ1955 ዓ.ም. እዚሁ ቀራንዮ ተወለዱ። ልጅ ሳሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ከጦር ኃይሎች የሚመጣውን መኪና በድምፁ ይለዩ ነበር ይባላል። ይህን የሚናገሩት ራሳቸው ስለነበሩ ለማመን ይከብዳል፤ ሲያደርጉት ያየ ግን አይጠራጠርም።

ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሱ ጋራዥ ገቡ። በ1987 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሸዋረጋ ጋር በጋብቻ ተጣምረው ራዕይንና ቀዳማዊን ወለዱ። ከሦስት ዓመት በኋላ 18 ማዞሪያ አጠገብ የራሳቸውን ጋራዥ ሲከፍቱ የባለቤታቸውን ታናሽ ወንድም ጥሩነህን አብረው ወሰዱት፤ ብየዳም አስተማሩት። ግትር ነበሩ፤ ይህን ያልቀመሰ የኮልፌ ሾፌር ካለ እጁን ያውጣ።

በ2016 ዓ.ም. በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠሩ ሚኒባሶች ሲመጡ፣ በስድሳ አንድ ዓመታቸው ሥልጠና ገቡ። ኮምፒውተሩን ከሞተሩ ጋር አገናኝተው የጋዙንና የአየሩን መጠን ካስተካከሉ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። ሞተሩ ሲረጋ እርሳቸውም ይረጋሉ። ባለመኪናው ቆሞ እየጠበቀ፣ እርሳቸው ጢስ የሌለባትን ኮልፌ በሕልማቸው ይዞሯት ነበር።

ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ዝናቡ በረታ። ከጣሪያው ሥር ያሉትን የአየር መውጫዎች በሸራ ደፈኗቸው። አንድ ጠዋት ጥሩነህ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ሊበይድ መሰላል ይዞ መጣና፣ ጋዝ እንዳይኖር ጋሼ፣ አላቸው። ጉንፋን አፍኖት ስለነበር ራሱ ማሽተት አልቻለም። እርሳቸው መኪና ሥር ወደሚሠሩበት ጉድጓድ ወርደው አሸተቱና፣ ምንም የለም፣ መሰላሉን ውጣ አሉት። የቤንዚን ትነት ወደ ታች ይወርዳል፤ አርባ ዓመት ሙሉ የሚፈሩት ጉድጓዱን ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ግን ከአየር ይቀላል፤ ሌሊቱን ከአንዱ ሚኒባስ ያመለጠው ጣሪያው ሥር ተጠራቅሞ ነበር። የብየዳው ብልጭታ ሲነካው ጋዙ ተቀጣጠለ፤ ጥሩነህ ፊቱና ግራ ጆሮው ተቃጠለ።

በዚያው ቀን ሸራውን በእጃቸው ቀደዱት፤ ጋዝ ሲያመልጥ የሚጠቁም መሣሪያም ጣሪያው ሥር ሰቀሉ። ከዚያ ወዲህ የጋዝ ሲሊንደሩ ቫልቭ ሳይዘጋ፣ ቱቦው ውስጥ የቀረውም ጋዝ ነዶ ሳያልቅ አንድም መኪና ወደ ውስጥ አላስገቡም። በሥራ መካከል ወደ ጣሪያው ቀና ብለው ሲቆሙ፣ ሰማይ የሚያዩ ይመስሉ ነበር።

የጥሩነህ ቁስል ቢድንም ልቡ አልዳነም። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላኩ፤ እምቢ አለ። እሑድ እሑድ ከጸሎት ሲወጡ ቤቱ ሄደው ሳሎን ይቀመጡ ነበር፤ እርሱ ከጓዳ አይወጣም። እርሳቸው ግን አንድ ቀን ይወጣል ብለው፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ አንድ እሑድ አላስቀሩም።

ባደረባቸው የጉበት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሚያዝያ 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ወደሚወዱት ጌታ ተሰበሰቡ። ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተዋል፤ ጌታ ያጽናቸው፣ ነፍሳቸውንም በብርሃኑ ያሳርፍ።

ይህን የጻፈው፣ አሁንም ቆሞ የሚያነብላችሁ ጥሩነህ ነው። በመጨረሻው እሑድ እጁ የጓዳው በር ላይ ነበር፤ በሚቀጥለው እከፍታለሁ ብሎ ተወው። ጋሼ፣ ይቅር ብዬዎታለሁ። እርስዎም ይቅር ይበሉኝ።