የቆዳ ፋብሪካው እጣቢ

ቀጮ ወንድሜ፣

ያን ጊዜ የፋብሪካችንን እጣቢ ሳይጣራ ወንዝ ውስጥ የለቀቅሁት እኔ ነኝ፤ አንተ በእኔ ጥፋት ከሥራ ስትባረር ዝም አልሁ። ፈጣሪን በየማለዳው ይቅርታ እለምናለሁ፤ አንተን ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።

እዚህ ባሕር ማዶ በሽበቴ፣ አካባቢን ሳይበክሉ የመነገድ ትምህርት እማራለሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቸኝነት እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም፤ ከአስተማሪዬ በቀር ቀኑን ሙሉ የሚያናግረኝ የለም። ትናንት አንድ ቆዳ ፋብሪካ አስጎበኘችን። እጣቢው ተጣርቶ ወደ ወንዝ ከሚወርድበት ዳር አንድ ሽማግሌ ዓሣ ያጠምዳል፤ የእኛን ወንዝ ከብት እንኳ ይሸሸዋል።

«አባባ፣ እናንተ ጋ እጣቢው የት ነው የሚሄደው?» አለችኝ አስተማሪዬ።

«ወንዝ ውስጥ። ወዳጄንም ይዞት ሄደ» አልኋት።

ለባለቤትህና ለልጆችህ ሰላምታዬ ይድረስ፤ ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ ጻፍሁ፤ ስሜን ፈርሜበት ዛሬ ፖስታ ቤት አስገባሁት።