ሠላሳ አንድ ቀይ አትክልት

ሰኞ፣ ማርች 3
ጠዋት ሩዝ በባቄላ ሠራሁ። ባሌ ዊልበርት አልነካውም። ሆዴን ነፋኝ ሲለኝ ከርሞ ቅዳሜ ገበያው አጠገብ የማይስማማኝን ምግብ ይለዩልኛል ብሎ ደሙን ሰጥቶ መጣ። ላቦራቶሪ ነው ይላል... ድሮ ጫማ ቤት የነበረውን! ሃያ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነጭ ጋዋን ሲያይ እንዲህ ይሆናል?

ማርች 10
ውጤቱ መጣ። ባለቀለም ወረቀት። አይበላም ተብሎ ቀይ የተቀባ ሠላሳ አንድ አትክልት፤ ቲማቲም፣ ካሮት፣ ዱባ... ዕድሜ ልኩን ሲበላው የኖረውን!
"ደሜ ነው የተናገረው።"
"ታዲያ ከአንተ ይልቅ ደምህ ወሬኛ ነው" አልኩት።

ማርች 16
ከስቶ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለው። እህቴ ማሪሎስ ቤት ሾርባው ውስጥ ያለውን ሁሉ በማንኪያ እየለቀመ አወጣ። አፈርኩ። "መሞላቀቅ ነው፣ ሌላ አይደለም" አልኳት።

ማርች 19
ወረቀቱ ላይ ሴለሪ፣ ያ ሾርባ ውስጥ የሚገባው ቅጠል፣ አረንጓዴ ነው። እንደልብ ይጠጣ ይላል። እሱም በየጠዋቱ ጭማቂውን... ዛሬ "አፌን ያሳክከኛል" አለ።
"ከገዛ ደምህ ጋር ልትከራከር ነው?"
ሣቅሁበት። ጨለጠው።

ማርች 21
ትናንት አልጻፍኩም። የትናንቱን ጭማቂ የፈጨሁለት እኔ ነኝ። እንደጠጣው ከንፈሩ አበጠ፣ ድምፁ ተዘጋ። እኔ መንዳት ስለማልችል ጎረቤታችን ዶኛ ኢስሜኒያ በመኪናዋ አደረሰችን። ሆስፒታል እንደገባን ጭኑ ላይ መርፌ ወጉት... ተነፈሰ። ሐኪሟ ወረቀቱን አየች።
"ይሄ ምግቡን መብላታቸውን እንጂ መታመማቸውን አያሳይም።"
ለአለርጂ የሚሆነው የደም ምርመራ ሌላ ነው አለች። እሱም ቢሆን ከደረሰበት ነገር ጋር ካልተያያዘ ብቻውን አይፈርድም።

አፕሪል 4
የአለርጂው ምርመራ ውጤት መጣ። ሴለሪ። ሌላ ምንም የለም። ሐኪሟ ሠላሳ አንዱን ይብሉ አለችው! ቀጥ ብዬ ገበያው አጠገብ ወዳለችው ጋዋን ለባሽ ሄድኩ።
"የእኛ ምርመራ የተለየ ነው" አለች፣ ፈገግ ብላ።
"የተለየስ ነው! ሊገድለው ነበር።"
ለባለትዳሮች ቅናሽ አለን አለችኝ። ለባለትዳሮች!

እሑድ፣ አፕሪል 13
ምሳ ማሪሎስ ቤት። ሾርባው ሸተተኝ።
"ሴለሪ አለበት?"
"ትንሽ ቅጠል ብትሆን ነው። ኧረ ይሄ ሰውዬ መሞላቀቁን አልተወም?"
ሁሉም ሣቁ። ዊልበርት አቀረቀረ። ከማን ሰማችው? ከእኔ አይደል...
ሳህኑን ከፊቱ አነሳሁ። "እያሳከከኝ ነው ሲለኝ ሥቄበት ነው ሞት አፋፍ የደረሰው" አልኩ፣ ሁሉም ፊት።
መኪና ውስጥ "አንቺም ትሳሳቻለሽ ለካ?" አለኝ።
"ዝም ብለህ ንዳ።"
እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሆስፒታል ለክፉ ቀን የሰጡንን መርፌ ዳሰስኩ። አለ።