ሰባት ጊዜ ዘይት

ኅዳር 3 ቀን 2006 ዓ.ም.። ፈቲያን ሹመይሲ እስር ቤት አስገቧት።

ለወንድሜ ለአያ ሙጃሂድ፤ አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታ ማስቀደም ይገባኝ ነበር፤ ግን ወሬው ቀድሞ እንዲደርስህ ፈለግሁ። ደረትህን ያስልህ የነበረው ተሻለህ ወይ? ብረት ስትሞርድ ፍንጣሪ የገባበት ዓይንህስ ያያል? የእማ ጉልበት ለሰላት ይታጠፍላታል? ሱረያስ በሰላም ተገላገለች? ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ የሐርቡ ሰው በጠቅላላው እንዴት ነው? እኔ በአካል ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ጥርሴም ፀጉሬም በቦታው ነው።

እህታችን ከማዳሟ ቤት ከጠፋች ወዲህ መካ፣ ነካሳ ዳገት ላይ፣ ከስምንት ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል ትኖር እንደነበር ታውቃለህ። ወረቀት፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ፣ አልነበራትም። ወረቀት ለሌለው ሁሉ የምሕረት ጊዜ ተሰጥቶ ነበር፤ የሚቀበለው ከፊል፣ ዋስ የሚሆን አሠሪ፣ ያገኘ በስሙ ይዛወራል፣ ያላገኘ ወደ አገሩ ይገባል ተባለ። ጊዜው የሚያልቀው ጥቅምት 24 ነበር። የእኔ ከፊል አቡ አብዱልረሕማን በስሙ ሊያዛውራት ቃል ገብቶልኝ ነበር። ያልተዛወረችው በእኔ ነው። እንዴት እንደሆነ ሳላጣፍጥ እጽፍልሃለሁ።

ሰውየው ከወታደር ቤት በጡረታ የወጣ ነው። ከግቢው ጀርባ ቶርኖ፣ መብሻና ሞርሳ ያለው ወርክሾፕ አለው፤ ቀኑን ሙሉ የሚውለው እዚያ ነው። ከረመዷን በኋላ አንድ አሮጌ ምንሽር አመጣ፣ በየመን በኩል የገባ፣ የወታደር ትርፍ። አባባ ስንቱን የጠገነው ዓይነት ነው። ለልጁ ለአብዱልረሕማን ሠርግ አሳምሮ ሊያወጣው አሰበ። አፈሙዙን በቶርኖ ቆርጦ አሳጠረ፣ የቃታውን እጀታ በእሳት አግሎ አጎበጠ፣ ማነጣጠሪያውን ቀየረ። በላዩ የነበረውን የአገራችንን አንበሳ ሞርዶ አጠፋው። አላዘንኩም፤ አንበሳው ምንም ያደረገልኝ የለም።

ለብረት እጀ ወርቅ ነው፤ እንጨት ግን አያውቅም። ሰደፉን ሁለት ጊዜ ሠርቶ ሁለቱም ተሰነጠቁ። ሦስተኛውን ቫርኒሽ ሊቀባው ሲል ሻይ ይዤ ገባሁ፤ አፌም አላረፈ። እንጨት ሳይጠጣ አፉን ከዘጉበት ይፈነዳል፣ የተልባ ዘይት አጠጣው አልኩት። ከት ብሎ ሳቀና ማን አስተማረሽ አለኝ። አባቴ ሰደፍ ጠራቢ ነበር አልኩ። ብርጭቆ ወረቀቱን እጄ ላይ አደረገና ያላ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት የማዳም ነኝ፣ ከሰዓት የጠመንጃው።

የፈቲያን ነገር ያነሳሁት ያኔ ነው። ሰደፉ ይለቅ እንጂ ጀዋዛት፣ ፓስፖርት ቢሮው፣ ሄጄ እህትሽን በስሜ አዛውራለሁ አለ። ማዳም ሁለት ሀበሻ በአንድ ቤት ይዶልታሉ ብላ ተከራከረች፤ ዝም በይ አላት።

አባባ ይለው የነበረውን አንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቃለህ። ሰባት ጊዜ ዘይት፣ በየመሀሉ ሦስት ሦስት ቀን ማድረቅ። በስድስት ያስረከበ ማገዶ ሻጭ ነው እንጂ ሰደፍ ጠራቢ አይደለም ይል ነበር። ጥቅምት 16 ቀን አራተኛውን ቀብቼ ስጨርስ አቡ አብዱልረሕማን የመኪናውን ቁልፍ በእጁ ይዞ ገባ። ሰደፉን ወደ ብርሃን አዙሮ አየውና፣ ኸላስ፣ ይበቃል፣ እህትሽን ጥሪያት፣ ነገ ጠዋት ጀዋዛት እንሄዳለን አለ።

አይበቃም አልኩት።

አያ፣ ይህን ቃል ማንም አላስወጣኝም። ሦስት ይቀረዋል፣ እንዲህ ከወጣ ላብ ሲነካው ይነጣል፣ እንዲህ ያለ ሥራ ከአባቴ ቤት አይወጣም አልኩት። ሰውየው ደስ አለው። ወላሂ ይህች ሀበሻ ከእኔ ትብሳለች ብሎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። በይ አንቺ ስትጨርሺ እንሄዳለን አለኝ። ስምንት ቀን ብቻ እንደቀረ አውቅ ነበር። ግን ምሕረቱ አንድ ጊዜ ተራዝሞ ስለነበር ሰው ሁሉ ይራዘማል ይል ነበር፤ እኔም ይራዘማል አልኩ። እውነቱን ከፈለግህ ስለ ፈቲያ አላሰብኩም። የማየው እንጨቱን ነበር። ሰባት ዓመት የሰው ሽንት ቤት ካጠብኩ በኋላ አንድ ነገር በደንብ እየሠራሁ ነበር።

በስልክ ስነግራት ሳቀች። ከእኔ በፊት ለእንጨት ኢቃማ አወጣሽለት አለችኝ። ከዚያ በየቀኑ እየደወለች፣ እንጨትሽ ዛሬም ሲጠጣ ዋለ ወይ፣ ከሰፈራችን ጠጪ ከጋሽ ጥሩነህ ባሰ እኮ ትለኝ ነበር። ጥቅምት 24 ቀን አልደወለችም።

አልተራዘመም። ሰባተኛው ዘይት የደረቀው ጥቅምት 28 ነው። ሰደፉን ብታየው ትቀናለህ። አባባም እንዲህ ያለ አላወጣም። ሰውየው በረሃ ወስዶ ተኮሰበት፣ ሲመለስም በማዳም ፊት አሞገሰኝ። ስለ ፈቲያ ስጠይቀው ጊዜው አልፏል፣ አሁን ያስጠጋ ሰው ይቀጣል፣ እኔ እንሂድ ስልሽ አይበቃም ያልሽው አንቺ ነሽ አለ። ውሸታም ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን የዋሸ አይመስለኝም። ቁልፉን በዓይኔ አይቻለሁ።

ፖሊስ ነካሳ ሲወጣ ፈቲያ ከጣሪያ ጣሪያ ስትዘል ወድቃ ግራ እጇ ተሰበረ። ከሹመይሲ በሰው ስልክ ደወለችልኝ። አላለቀሰችም። እንጨትሽ አማረ ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። ዘጋችው።

አዲስ አበባ ስትደርስ ሄደህ ተቀበላት። ምን ይዘሽ መጣሽ ብለህ እንዳትጠይቃት። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ሃያ አምስት ነው ብለህ ፓስፖርት ያወጣህላት አንተ ነህ። ይህን የምጽፈው እንድታፍር ብዬ አይደለም፤ ብታፍር ግን አልጠላም። የራሴን ድርሻ ከላይ ጽፌዋለሁ፤ የአንተ ይህ ነው።

አሁን ያለሁት ሰቢል ሰፈር ውስጥ ጀይላን የሚባል የሐረር ሰው ሱቅ ነው፤ ባንኮኒው ላይ ቆሜ እጽፋለሁ። ደብዳቤውን ነገ በሚሳፈር ሰው ይልክልኛል። አቡ አብዱልረሕማን የላከኝ ዘይት እንድገዛ ነው፤ ጓደኞቹ ሰደፉን አይተው ሁለት ምንሽር አምጥተውለታል። ሾፌሩ ሸሪፍ መኪናውን በር ላይ አቁሞ የዐስር ሰላት ሊሰግድ መስጂድ ገብቷል። ከዚህ ሁለት መንገድ አልፎ፣ እጃቸውን የሚሰጡትን ወደ ሹመይሲ የሚጭን አውቶብስ አለ። እሳፈርበታለሁ ስለው ጀይላን እብድ ነሽ፣ ሰው ኢቃማ አጥቶ ይሞታል፣ አንቺ ይዘሽ ትሄጃለሽ አለኝ። ይዤ አልሄድም፣ ለሸሪፍ ስጥልኝ ብዬ ሰጠሁት። ፈቲያ በአንድ እጇ ሻርቧን ማሰር አትችልም። ላታስጠጋኝ ትችላለች። ብትሰድበኝም ፊት ለፊት ትስደበኝ።

የእማን ጉልበት ሳምልኝ፤ ፈቲያን በዓይኗ እስክታያት ድረስ ምንም አትንገራት። ሱረያን እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ በልልኝ። አክስቴ ሳሊማ በዱዓዋ አትርሳን። ጋሽ ጥሩነህን ፈቲያ በስልክ ስታነሳህ ነበር በለው። ልጅህን ሚስከርን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ዕድሜዋን ግን እንዳትነካ።

ሸሪፍ ከመስጂድ ሲወጣ ይታየኛል። ጀይላን ዘይቱን በፌስታል ቋጥሮ አቅርቦልኛል፤ አልከፈልኩትም፣ አላነሳሁትም። በጓሮው በር ልወጣ ነው።

እህትህ ዘሊካ
ጅዳ፣ ሰቢል
ኅዳር 6 ቀን 2006 ዓ.ም.