ዘመድ የምትለዋ ቃል

ለእታለም፣

ይህ ወረቀት ጉልበትሽ ተሽሎሽ፣ የፐርዝም ሙቀት ጋብ ብሎልሽ ያግኝሽ። ያ የጎረቤትሽ ድመት አሁንም አንቺው ሶፋ ላይ ነው የሚያድረው? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። የዌሊንግተን ነፋስ እንደምታውቂው ነው። ትናንት ከአውቶቡስ ስወርድ ባርኔጣዬን ነጥቆ ወደቡ ውስጥ ጣለልኝ። ሊቢ ብትኖር ሆዷን ይዛ ትስቅብኝ ነበር። አሁን የሚስቅብኝም የለም። ከቤት ስወጣ ሬዲዮኑን ከፍቼው ነው የምሄደው፤ ስመለስ የሚያወራ ሰው እንዲቆየኝ።

ወሬዬ አንድ ነው፤ ሕጉ ጸደቀ። ጋዜጣ ላይ አይተሽዋል ብዬ አልጠብቅም፤ አንቺ ከጋዜጣ የምታነቢው የፈረስ እሽቅድምድሙን ብቻ ነው።

ሊቢ የሞተች ጊዜ በስልክ ሁሉን አልነገርኩሽም። በድንገት ስለወደቀች ሕጉ ለአሟሟት መርማሪ ሰጣትና አስከሬኗ ተቆለፈበት። የእኛ የአይሁዶች ሬሳ ደግሞ እስኪቀበር ድረስ ብቻውን አይተውም፤ አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ዳዊት ይደግምለታል። ልቀመጥ ብላቸው ክልክል ነው አሉኝ። እኔም መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሜ፣ ዝናብ እየደበደበኝ፣ ለግድግዳው ደገምኩለት። ዘበኛው መጥቶ «አባባ፣ መኪናዎ ጠፋብዎት እንዴ?» አለኝ። «መኪና አይደለም፣ ሚስቴ ናት» አልኩት። ልጁ ደንግጦ ጃንጥላውን ሰጠኝ። እስካሁን ከቤቴ በር ጀርባ ተሰቅሏል።

ማኅበራችን ስለ አስከሬን ምርመራ አዲስ ሕግ ሊወጣ ነው ሲባል ሰምቶ አቤት ለማለት ሲነሣ፣ ይህንን የሊቢን ነገር የሰሙ ሁሉ «አንተው ተናገር» አሉኝ። ማመልከቻውን የጻፈችው ጠበቃችን ዲና ናት። ቃሉን በደንብ አድርጋ ነበር ያስቀመጠችው፤ «ከቤተሰቡ ወይም ከሃይማኖት ማኅበሩ የሆነ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ» ይላል። በየፓርላማ አባሉ በር ስንመላለስ ከረምን። አንዱ በትሕትና ሻይ ያጠጣናል፣ ሌላው በትሕትና ይሸኘናል። በመጨረሻ ኮሚቴው ፊት አቀረቡን። ሰብሳቢዋ ደግ ሴት ነች፤ መነጽሯን አውልቃ «ይህ የሚቀመጠው ሰው ለሟቹ ምኑ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አፌን ታውቂው የለ! ዲና መልስ ሳትጀምር ቀድሜ፣ «ክብርት ሆይ፣ እኛ እዚህ ኒውዚላንድ ውስጥ በጣት የምንቆጠር ሰዎች ነን። ሁላችንም ዘመድ ነን!» አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢዋም ፈገግ ብላ ጻፈችው። ዲና በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ጎበዝ ስትለኝ መስሎኝ መልሼ ረገጥኳት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሕጉ ሲወጣ «የሟቹ ዘመድ አጠገቡ መቀመጥ ይችላል» ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ ዘመድ ማለት በደም ወይም በጋብቻ የተሳሰረ ነው ብሎ ይፈታዋል። ዲና እያነበበችልኝ ድምጿ ቀነሰ። «ጋሼ፣ እኛ ዘመድ ስንል ማኅበሩን ነው፤ ሕግ ዘመድ ሲል ደም ይፈልጋል» አለችኝ። ይታረም ብላ ጻፈች፣ ደወለች፣ ሄደች። ሰዎቹም «ሽማግሌያችሁ ራሳቸው ያሉትን ነው የጻፍነው» አሏት። አንዴ የተዘጋ ሕግ ደግሞ በቶሎ አይከፈትም።

ለብዙዎቹ ግን በቂ ነው፤ ልጅ አላቸው፣ ምራት አላቸው። ሰንበት ዕለት ከጸሎት በኋላ ውስኪው ተቀዳ፣ «ለሕይወት!» ተባለ፣ ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ። «ጀግናችን፣ ከእንግዲህ ማንም ሰው ብቻውን አይተኛም» አሉኝ። እኔም ብርጭቆዬን አነሣሁ። ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው። ግን እታለም፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በሰው መሐል ሆኜ ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

የገባት ንጋይሬ ብቻ ናት። የአገሬውን ተወላጆች፣ የማኦሪዎቹን አቤቱታ ይዛ ከእኛ ጎን አንድ አግዳሚ ላይ ስትጠብቅ ነው የተዋወቅነው፤ እነሱም ሬሳቸውን ብቻውን አይተዉም። የነሱ ዘመድ የሚለው ቃል በገዛ ቋንቋቸው ሕጉ ውስጥ ገብቶላቸዋል። ስነግራት፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ምን ያስቀባጥርሃል? የኛን ቃል ብትዋሰን ምን ነበረበት? የኛ ዘመድ እስከ ጎረቤት ይደርሳል!» ብላ ተቆጣችኝ። ቆይታ ደግሞ አዘነችልኝና «በቃ፣ የአክስቴ ልጅ ነው ብዬ እገባልሃለሁ» አለች። መልካችንን አይተው መች ያምኑሻል ብላት፣ «ነፋስ አንጥቶት ነው እላቸዋለኋ!» አትለኝም? እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ግን ስለ እኔ በሐሰት እንድትምል አልፈልግም፤ ይህንንም ነገርኳት።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። የልብ ሐኪሙ ከቂጣው በዓል በኋላ ደረቴን ሊከፍተው ቀጠሮ ይዞልኛል። «አይስጉ፣ ቀላል ነው» ይላል፤ ሲለኝ ግን የሚያየው ጫማውን ነው። ቀዶ ጥገና ላይ ሰው ቢሞት ለመርማሪው እንደሚሰጥ ማንም እንዲያነብልኝ አያስፈልግም፤ አንቀጹን በቃሌ አውቀዋለሁ።

የሊቢን አልጋ አንጥፌዋለሁ፤ መስኮቱ አሁን አይንኳኳም፣ ጠግኜዋለሁ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባላል፤ አህያው ማን እንደሆነ አንቺው ታውቂያለሽ። አባታችን የሞተ ጊዜ፣ ልጅ ሆነሽ፣ «ሬሳ እንደሆነ አይጠፋ፣ ምን ይጠብቁታል?» ብለሽ አጎታችንን እንዳስቆጣሽው አልረሳሁም። ካገባሽ ወዲህም ምኩራብ ረግጠሽ አታውቂም። እኔ አልፈርድብሽም። ዳዊት ድገሚ አልልሽም። ጋዜጣሽን ይዘሽ ነይና ፈረሶቹን ጮክ ብለሽ አንብቢ፤ ማን እንዳሸነፈ መስማት እወዳለሁ። እንቅልፍ ቢወስድሽም ግድ የለም፣ ወንበሩ ላይ ሁኚ እንጂ።

የሬሳ ክፍሉ በር ላይ ለእሱ ምኑ ነሽ ብለው ይጠይቁሻል። እህቱ ነኝ በያቸው። ሌላ ቃል እንዳትጨምሪ።

ዕድሜሽን መቶ ሃያ ያድርግልሽ፤ ደጅሽን ሰው አያሳጣው።

ዘመድሽ፣
ታናሽ ወንድምሽ